የአማት ጉርሻ

ዓለምነውን ሆዱን የቆረጠው ስቅለት ዕለት፣ አማቱ ቤት ነው። ሌላ ቀን፣ ሌላ ቤት ቢሆን ኖሮ ይጮህ ነበር። እዚያ ግን ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ።

ባልና ሚስቱ ከጎንደር ወደ ትክል ድንጋይ የወጡት ፋሲካን ከሚስቱ እናት ጋር ለመዋል ነበር። ዘመኑ 1976 ነው። ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወዴት፣ ለምን፣ እስከ መቼ የሚለው ሁሉ ይጻፍበታል። የእነሱ «ለበዓል፣ እስከ ማክሰኞ» ይላል።

ሚስቱ ወርቅውሃ ትባላለች። መንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥራ የጽሕፈት መኪና ትመታለች። እጇ ፈጣን ነው፤ ምላሷም እንዲሁ። ዓለምነው ደግሞ ፒያሳ አጠገብ ጠባብ ፀጉር ቤት አለው። በቀይ ሽብር ወራት እዚያ ወንበር ላይ ያልተቀመጠ ካድሬ አልነበረም። አንገቱ ላይ ፎጣ የታሰረለት ሰው ማውራት ይወዳል። ዓለምነው ይሰማል፤ «ልክ ነው ጓድ» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም። አዋጣ ሲሉት ያዋጣል፣ ለሰልፍ ውጣ ሲሉት ይወጣል። በግራና በቀኙ ያሉት የሱቅ ባለቤቶች ተወስደው ሲቀሩ እሱ መቀሱን ይዞ ከረመ። ወርቅውሃ «እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው አገባሁ» እያለች ትስቅበት ነበር። በሕይወት ያቆየው ይኸው ጠባዩ መሆኑን ግን ታውቃለች።

ከሰው ሁሉ አብልጦ እምቢ የማይላቸው አማቱን፣ ወይዘሮ እንኳየሁን ነው። ሲገቡ ይነሳል። ቁሙ ካሉት ይቆማል፣ ተቀመጡ ካሉት ይቀመጣል። እሱም «አንቱ» ይላቸዋል፣ እሳቸውም «አንቱ» ይሉታል። በየበዓሉ የዶሮውን ፈረሰኛ ለእሱ ያስቀምጣሉ፤ በእጃቸው ካላጎረሱትም በዓሉ በዓል አይሆንላቸውም። ሁለቱ እንዲህ ሲከባበሩ ወርቅውሃ አንዳንዴ ትሰለቻለች።

በዚያ ሳምንት ወይዘሮ እንኳየሁ አክፍሎት ያዙ። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ እህል ውሃ አይቀምሱም። ዓለምነውም አብሮ ያዘ፤ አማት እየጦሙ አማች እንዴት ይበላል? ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ ዋለ። ወደ ማታ ሆዱን ያዘው። አልተናገረም።

ወርቅውሃ ነገሩን ያወቀችው ቅዳሜ ጧት ጋቢውን ስትገልጥ ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሉ።»

«ይስሙ!»

«ሰው ቤት ለበዓል መጥቼ ሆዴን አመመኝ ልበል?»

«የምን ሰው ቤት? እናቴ ቤት እኮ ነው!»

«ለአንቺ እናት ናቸው። ለእኔ አማት ናቸው።»

ወይዘሮ እንኳየሁ ሰምተው ኖሮ ገቡ። ሆዱን ከሩቅ አይተው አንገታቸውን ነቀነቁ።

«አክፍሎት ነው። ባዶ አንጀት ይነፋል። የዛሬን ይታገሡ እንጂ፣ ነገ እህል ሲገባበት ይለቃል።»

«ልክ ነው፣ እሜቴ» አለ ዓለምነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አረንጓዴ ነገር አስመለሰ።

ወርቅውሃ ነጠላዋን ሳታስተካክል ወጣች። ቅዳም ሹር ስለሆነ መንገዱ ጭር ብሏል። ገበያው ዳር አንድ የጦር ሠራዊት ኦራል መኪና በግ ይጭናል፤ ጎንደር ላለው ጦር ለፋሲካ የሚታረድ ነው። ጭነቱን የሚቆጣጠረው ፋንታሁን የሚባል አሥር አለቃ ነበር።

ባሏን ጎንደር ሆስፒታል እንዲያደርስላት ስትለምነው፣ «እኅቴ፣ እኔ የታዘዝኩት በግ እንድጭን ነው» አላት።

«እንግዲያው እሱንም በግ ነው በለው።»

አሥር አለቃው ሊስቅ አለና ፊቷን አይቶ ተወው። ዓለምነውን በቃሬዛ አምጥተው በጎቹ መሐል አስተኙት። ወይዘሮ እንኳየሁ መኪናው እስኪነሳ ቆመው «ነገ እመጣለሁ! ሳልመጣ እንዳይገድፉ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። ዓለምነው ከተኛበት አንገቱን ቀና አድርጎ እጅ ነሳ።

ጎንደር መግቢያ ኬላው ላይ ጠባቂው ወረቀታቸውን ተቀብሎ አገላበጠ።

«እስከ ማክሰኞ ይላል። ምነው ቀድማችሁ ተመለሳችሁ?»

«ታሞብኝ ነዋ» አለች ወርቅውሃ።

«ወረቀቱ ታሟል አይልም።»

«ወረቀቱ ሲጻፍ አልታመመም።»

ጠባቂው ኦራሉ ላይ ወጥቶ ጋቢውን ገለጠ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ሆዱ ነው።»

«እንዲህ ያለ ሆድ አለ?» መሣሪያ የታሰረበት መስሎት በመዳፉ ተጫነው።

ያን ጊዜ ዓለምነው ጮኸ። በጎቹ ተራወጡ። አፍኖ ያቆየውን ጩኸት በሙሉ ለማያውቀው ሰው አወጣው። ጠባቂው እንደተቃጠለ ሰው እጁን አንስቶ «እለፉ፣ እለፉ!» አለ።

ሆስፒታሉ እንደደረሱ የመረመረው ዶክተር ምናለ ነው። አጭርና ቶሎ ተናጋሪ ሰው ነበር። አንጀቱ ተጠማዞ ራሱን እንደቋጠረ፣ አሁኑኑ ካልተቀደደ እንደማይተርፍ ነገራት። «ትናንት ብታመጪው ይሻል ነበር» አላት። ወርቅውሃ «ትናንት አላመመውም» ብላ መለሰች። ውሸት ነበር፤ እውነቱ ግን ለማስረዳት ረጅም ነው። ፈረመች። ከሰዓት በኋላ ኦፕራሲዮን ሆነ። የጠቆረውን አንጀት ቆርጠው ጥለው ጤነኛውን ከጤነኛው ሰፉት።

በትንሣኤው ጧት ዶክተሩ ሲመጣ ዓለምነው ነቅቶ ነበር።

«ስማ» አለው፤ ወርቅውሃንም በእጁ ጠራት። «የሰፋነው እርጥብ ነው። እኔ እስክል ድረስ በአፍህ ምንም አይገባም። ምግብ አይገባም። ውሃም አይገባም። በክንድህ የሚወርደው ግሉኮስ ይበቃሃል።»

«ዶክተር፣ ዛሬ'ኮ ፋሲካ ነው» አለ ዓለምነው፣ ከንፈሩ ደርቆ።

«እኔ አውቃለሁ። አንጀትህ ግን አያውቅም።»

ዓለምነው ሊስቅ ሲል ስፌቱ ያዘው። «ልክ ነው፣ ዶክተር» አለ።

እንግዲህ ወርቅውሃ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንድ ሥራ ብቻ ነበራት፦ ባሏ አፍ እህል እንዳይገባ መጠበቅ። ቀላል ይመስላል። ፋሲካ ቀን ጎንደር ውስጥ ግን ከዚህ የከበደ ሥራ የለም። ጠያቂው አገልግሉን አንጠልጥሎ ይጎርፋል። ክፍሉ በዶሮ ወጥ ሽታ ታፍኗል። እያንዳንዱ ጠያቂ የራሱን በሽተኛ ካጎረሰ በኋላ ወደ ጎን ይዞራል፤ ሳይገድፍ የተኛ ሰው አይቶ ማለፍ ነውር ነው። ወርቅውሃ ወንበሯን ራስጌው አስጠግታ ሁሉንም መለሰች። የቀበሌያቸው ሰው የሆኑት ወይዘሮ ብርቄ የያዙትን ሳህን ስትመልስባቸው ተቀየሙ።

«ወይ ጊዜ! ባሏን በፋሲካ ምግብ የምትከለክል ሴት አየን» ብለው ሄዱ።

«በአንቺ በኩል ያለ ይለፍ ወረቀት የሚያልፍ የለም» አለ ዓለምነው ዓይኑን ሳይገልጥ።

«የለም!»

«ያ የኬላው ሰውዬ ካንቺ ይሻላል።»

እኩለ ቀን ሲሆን የሐኪሙ ረዳት ድሬሰሩ የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ መጣ። የታዘዘው መርፌ ሆስፒታሉ ውስጥ የለም፤ ከውጭ መግዛት ነበረባት። ከተማው ዘግቷል። «አዲስ ዓለም፣ እስላሞቹ ሰፈር ሂጂ» አላት ድሬሰሩ፤ «ከማሉዲን ዛሬም ይከፍታል።»

ወርቅውሃ ባሏን ትታ መሄዱ ጨነቃት። ከጎኑ ባለው አልጋ ላይ ሰጠኝ የሚባሉ የጭልጋ ገበሬ ተኝተዋል፤ ከበቅሎ ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ በገመድ ተሰቅሏል።

«አያ ሰጠኝ፣ ማንም ምንም እንዳያቀምሰው ይጠብቁልኝ።»

«እግሬ ተሰቅሎ በምኔ ልጠብቀው?»

«በአፍዎ ይጠብቁልኛ! አይብላ ተብሏል ይበሏቸው።»

«አፌ እንኳ ደኅና ነው» አሉ አያ ሰጠኝ። «ሂጂ፣ ግዴለሽም።»

አዲስ ዓለም ስትደርስ ሱቆቹ ገርበብ ብለዋል። ከማሉዲን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ነበር። ማዘዣውን አይቶ ከኋላ ክፍል ገባ፤ ሚስቱ ዙሌይካ በዚህ መሐል ወንበር አምጥታ አስቀመጠቻት።

«ምነው በበዓልሽ?» አለቻት።

ወርቅውሃ ልትመልስ ስትል እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው። መድኃኒቱን ይዛ ዳገቱን ግማሹን በሩጫ ወጣች።

ከክፍሉ በር ላይ ሆና መጀመሪያ ያየችው የእናቷን ጀርባ ነው። ወይዘሮ እንኳየሁ ከትክል ድንጋይ አገልግላቸውን አዝለው፣ ገና በሌሊት ተነሥተው በእግራቸው መጥተው ነበር። ኬላው ላይ ወረቀት ሲጠየቁ ለጠባቂዎቹ ድፎ ቆርሰው ሰጥተው አልፈዋል። አሁን ዓለምነው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ጭናቸው ላይ ያለው ሳህን ውስጥ የተጋጠ የፈረሰኛ አጥንት አለ።

«እሰይ መጣሽ!» አሉ ዞረው። ፊታቸው በርቷል። «ገደፉልኝ እኮ!»

ክፍሉ በሙሉ ደስ ብሎታል። ከማዶ ያለች አስታማሚ «አማት ካሉ እንደ እሳቸው ነው» አለች። ወርቅውሃ ቁልቁል አየች። የእናቷ ተረከዝ ተሰንጥቆ ደም አዝሏል።

«እናቴ፣ ሐኪም ሊገባ ነው። ውጪ ጠብቂኝ» አለች።

እንደወጡላት ባሏ ላይ ጎነበሰች።

«ምን አደረግህ?»

«እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።»

«እና?»

«እግራቸውን አየሽው? ያን ሁሉ መንገድ ጦማቸውን ነው የመጡ። 'እርስዎ ሳይቀምሱ አልገድፍም' አሉኝ። ምን ልበል?»

«እምቢ በላ!»

«ቀላል አድርገሽ ነው የምትይው።»

«ስንት አጎረሱህ?»

ዓይኑን ጨፈነ። ወርቅውሃ ወደ አያ ሰጠኝ ዞረች። አያ ሰጠኝ ጣሪያውን ያያሉ።

«እርስዎስ? በአፌ እጠብቃለሁ አላሉም?»

«ልናገር ስል መጀመሪያ እኔን አጎረሱኝ» አሉ አያ ሰጠኝ። «ትልቅ ጉርሻ ነው የሚያጎርሱት ሴትዮዋ። ውጬ እስክጨርስ እሱም ውጧል። አልዋሽሽም፣ ልጄ።»

ዶክተር ምናለ ሲመጣ «በአፉ የገባ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«የለም» አለ ዓለምነው።

«አለ» አለች ወርቅውሃ። «አብልተውታል።»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «ማን?»

«ዘመድ።»

«ምን ዓይነት ዘመድ ነው? አልነገርኳችሁም? ላንተ አልነገርኩህም?» ዶክተሩ በአፍንጫው ቱቦ አስገብቶ መምጠጥ እንዲጀመር አዘዘና በሩን ሳይዘጋ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ወይዘሮ እንኳየሁ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱት። አላያቸውም።

በማግሥቱ ትኩሳት ገባ። ሆዱ ጣውላ ሆነ። ዓለምነው ይቃዥ ጀመር፤ «ልክ ነው ጓድ፣ ልክ ነው» ይላል፤ ጣቶቹ መቀስ እንደያዙ ይንቀሳቀሳሉ። ሁለተኛ ጊዜ ቀደዱት። ከዚያ በኋላ አልነቃም። ማክሰኞ ጧት ሞተ።

ወርቅውሃ ዶክተሩን ደረጃው ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«የበላው ነው የገደለው?»

ዶክተር ምናለ ሲመልስ ድካም ነበረበት። «ስፌቱ ለቋል። ሳይበላም ሊለቅ ይችል ነበር፤ ዘግይቶ ነው የመጣው፣ አንጀቱ ተጎድቷል። እርግጠኛ ሆኜ አልነግርሽም። ያልኩት ግን አይብላ ነው።»

አቡን ቤት ገብርኤል ቀበሩት። በፋሲካ ሳምንት የሞተ ሰው የገነት በር ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል እያለ ለቀስተኛው አጽናናት። ፀጉር ቤቱ ደንበኛ የነበረ አንድ ካድሬ ቀብሩ ላይ መጥቶ «ዝምተኛ ጓድ ነበር» አለ። ወርቅውሃ «ልክ ነው» አለች።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ወይዘሮ እንኳየሁ በር ትይዩ ተቀምጠዋል። ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ደረታቸውን እየደቁ ይነሣሉ።

«በእጄ ገድፈው ነው የሄዱ! ጦማቸውን አልሄዱብኝም! ፈረሰኛውን በእጄ አጉርሻቸው ነው የሄዱ!»

«እሰይ፣ እንኳን ደረሱላቸው» ይላሉ ሴቶቹ።

የሚወጣው ሲወጣ፣ የሚገባው ሲገባ ይኸው ይደገማል። ወይዘሮ ብርቄ ሳይቀሩ ሰምተው አለቀሱ፤ ወርቅውሃንም በጎን አዩዋት። ሀዘኑ የእናቷ ሆነ፤ ምስጋናውም የእናቷ ሆነ። ወርቅውሃ እስከ ሰልስቱ ቻለችው። ሰልስቱ ዕለት ቀትር ላይ ቤቱ ጋብ ሲል እናቷን ጓዳ ጠራቻቸው።

«እናቴ፣ እሱን ነገር ተይው።»

«የቱን?»

«የገደፈውን።»

«ምነው? ነውር ነው?»

«ዶክተሩ ምንም እንዳይቀምስ ብሎ ነበር። ውሃ እንኳ። አንጀቱ ገና መሰፋቱ ነበር። ከበላ በኋላ ስፌቱ ለቀቀ።»

የዶክተሩን ቃል ከዚያ በላይ አልነገረቻቸውም። «ሳይበላም ሊለቅ ይችል ነበር» ያለውን ሆን ብላ አስቀረችው።

ወይዘሮ እንኳየሁ የጤፍ ዕቃው ላይ ተቀመጡ። የሻሻቸውን ጫፍ ፈቱት፤ መልሰው አሠሩት።

«እሳቸው አያውቁም ነበር?»

«ያውቃል። እፊቴ ነው የተነገረው።»

«ታዲያ ምነው እምቢ አላሉኝ?»

«ስምንት ዓመት ሙሉ እምቢ ብሎሽ ያውቃል?»

ውጪ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ወርቅውሃ እናቷ እንዲያለቅሱ ጠበቀች። እንዲጮኹ፣ ፊታቸውን እንዲነጩ ጠበቀች። ይህን ሳምንት ሙሉ ብቻዋን የተሸከመችውን ግማሹን እንኳ እንዲይዙላት ፈልጋ ነበር።

«እኔ መርዝ አላበላሁም» አሉ ወይዘሮ እንኳየሁ በመጨረሻ። «ዶሮ ነው ያበላሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ሸጋ ዶሮ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ እናቴ።»

«እና ሳይገድፉ ይሙቱ ኖሯል?»

ከውጪ «ወንድሜን!» የሚል የወንድ ድምፅ መጣ፤ ከአይከል የዓለምነው ዘመዶች ደርሰው ነበር። ወይዘሮ እንኳየሁ ተነሡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወገባቸው ላይ አሠሩና ከጓዳው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ዓይናቸውን ከእሷ ላይ ሳያነሱ፣ ካለፈው ሁሉ በበለጠ ድምፅ፣

«በእጄ ገድፈው ነው የሄዱ!» አሉ። «ጦማቸውን አልሄዱብኝም!»

«ተመስገን! ተመስገን!» አሉ የአይከል ሰዎች።

አንዲት አሮጊት ወደ ጓዳው ገብታ ወርቅውሃን አንገቷን አቀፈቻት። «አይዞሽ ልጄ። እንዲህ ያለች እናት እያለችሽ ምን ሆነሽ!»

«አዎ» አለች ወርቅውሃ። እንግዶቹ ከሩቅ ስለመጡ እህል ልታቀርብላቸው ወጣች።